የደብተራ ሐብተ ማርያም መቋሚያ

ጣሊያን ጎንደርን ለቆ ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ድምፁ የሚናፈቅ ሐብተ ማርያም የሚባል ደብተራ ነበር። ይህ ሰው ሁለት ነገር ይወዳል፤ ማኅሌትና ዓሣ ማጥመድ። ሚስቱ ይመኙሽ "እኔስ?" ብትለው፣ "አንቺማ ከነፍሴ ጋር ነሽ፤ ማን ይቆጥርሻል!" ይላታል። እሷ ግን በዚህ አትደለልም፤ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ከመጣ እጁን በአመድ ሳይታጠብ መደቡ ላይ አታስቀምጠውም።

ማኅሌቱን የሚነቅፍበት የለም፤ ጣጣው ዓሣው ነው። በዚያ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሰው ሻሹን ጠምጥሞ አንገረብ ወንዝ ዳር ተጎልቶ ሲታይ፣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ሳይቀሩ ይስቁበታል። የደብሩ አለቃ ገብረ ሚካኤል ደግሞ ከመሳቅ ይልቅ መቆጣት የሚቀናቸው ሰው ነበሩ። አንድ ቀን የሐብተ ማርያም ነጠላ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎ አዩ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ምነው አባቴ፣ ጴጥሮስስ ዓሣ አጥማጅ አልነበረ?"

"ጴጥሮስ መረቡን ትቶ ነው የተከተለ! አንተ ተሸክመኸው መጣህ። ስማ፤ መንጠቆና መቋሚያ ባንድ እጅ አይያዝም። ዳግመኛ መንጠቆ ይዘህ ካገኘሁህ ማኅሌት አትቆምም።"

ሐብተ ማርያምን እህል አልወርድ አለው። ማኅሌት ካልቆመ ምኑን ሰው ሆነ? ዓሣ ካላጠመደስ፣ በየገጠሩ ለንግሥ ሲጠራ ያን ሁሉ መንገድ ምን ብሎ ይሂድ? አስቦ አስቦ፣ አለቃ ባንድ እጅ አይያዝም ያሉትን ባንድ እንጨት ያዘው።

ወፍራም ሸምበቆ ቆረጠ። አንጓ አንጓውን በጋለ ብረት በስቶ ውስጡን ክፍት አደረገው። ከፈረስ ጭራ የተገመደውን ክር ጠቅልሎ ከተተ። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የጠርሙስ ቡሽ ፈልጎ መንጠቆዎቹን ሰካበት፤ ያው ቡሽ ውሃ ላይ ሆኖ ዓሣው ሲነክስ ይነግረዋል። ለክብደት የጥይት እርሳስ ከክሩ ጋር አሰረ። እንዳይንኳኳ ዙሪያውን ጥጥ ጠቀጠቀበት፤ ግርጌውን በውታፍ ደፍኖ በሰም አሸገው። ከላይ የቀንድ ራስ ሰካበት። ሲያዩት መቋሚያ ነው፤ ወንዝ ዳር ሲደርስ ራሱ ይነቀልና የማጥመጃ ዘንግ ይሆናል። ባልንጀሮቹ አገልግልና ቦርሳ ተሸክመው ሲያቃስቱ፣ እሱ ዓለሙን ሁሉ ባንድ እጁ ይዞ ሽር ይላል። ይመኙሽ ብቻ አንድ ቀን አሸተተችና "ይህ መቋሚያ ምነው ዓሣ ዓሣ ይለኛል?" አለችው።

"ቀርበሽ ስለማታስቀድሺ ነው፤ የመቋሚያ ሽታ እንዲህ ነው።"

"ወይ ደብተራ!" ብላ ሳቀች።

ሐምሌ ላይ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ ኮላ ድባ አጠገብ ያለ ደብር የጎንደርን ካህናት ጠራ። ሐብተ ማርያም የጣናን ዳር እያሰበ ገሠገሠ። ታቦቱ ወጥቶ፣ ወረቡ ሊጀመር ሲል፣ አለቃ ገብረ ሚካኤል በበቅሎ ደረሱ። የመገጭን ወንዝ ሲሻገሩ ጎርፉ መቋሚያቸውን ወስዶባቸዋል። ታላቅ ሰው ባዶ እጁን ሲቆም፣ አጠገቡ ያለው የራሱን ስሞ መስጠት ወግ ነው። አጠገባቸው የቆመው ደግሞ ሐብተ ማርያም ነበር። በጭንቅ ወደ ባልንጀራው ወደ አላምረው ዞረ፤ አላምረው የራሱን መቋሚያ እቅፍ አድርጎ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ምን ያድርግ፣ ስሞ ሰጠ። አንገቱን ደፍቶ ሲያቀብላቸው አለቃ ትሕትና መሰላቸውና ደስ አላቸው።

አለቃ ሲያሸበሽቡ እንደ ሽማግሌ አይደሉም። ምድሩን በመቱ ቁጥር የሐብተ ማርያም ልብ አብሮ ይመታል። ጥጡ ተላወሰና እርሳሱ ቅጭል ቅጭል ይል ጀመር። ወዲያው ውታፉ ተስፈነጠረ። እርሳሱ ክሩን እየጎተተ ዱብ አለ፣ ቡሹ ተከተለው፣ አንዱ መንጠቆ የአለቃን ካባ ጫፍ ያዘ። ከበሮው ቆመ።

"ውይ በሞትኩት!" አለች እልል ስትል የነበረች ሴትዮ። "አለቃም ያጠምዳሉ እንዴ?"

ሕዝቡ ሳቁን በነጠላው አፈነ። አለቃ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀላ።

"ይህ መቋሚያ የማነው?" አሉ።

አላምረው በሐብተ ማርያም ጆሮ፣ "ግድግዳ ተደግፎ ሳለ ተለዋወጠብኝ በል!" አለው። እውነትም መቋሚያ በየንግሡ ይለዋወጣል፤ ማንም ያምነው ነበር። ሐብተ ማርያም ግን የሽማግሌውን ፊት አይቶ አዘነላቸውና አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ።

"የእኔ ነው" አለ ጮክ ብሎ። "መንጠቆውም የእኔ ነው። አለቃ የሉበትም።" ይህን ሲል ማኅሌቱን በገዛ አፉ እንደሸኘ አውቆታል፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

አለቃ መንጠቆውን ከካባቸው ቀስ ብለው ነቀሉ።

"ዛሬ የማን በዓል ነው?" አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው።

"የጴጥሮስ!"

"ጴጥሮስ መረቡን ትቶ ሦስት ጊዜ ካደ። ይህ ደግሞ መረቡን ተሸክሞ አንድ ጊዜም አልካደም።"

እልልታው እንደገና ቀለጠ። አለቃ ክሩን ጠቅልለው ከነቡሹ ከነእርሳሱ ወደ ሸምበቆው መለሱና ለሐብተ ማርያም ሰጡት። ለራሳቸው ከአላምረው እቅፍ ውስጥ መቋሚያውን መዘዙ።

"አባቴ፣ ማኅሌቱስ?" አለ ሐብተ ማርያም።

"ቁምና ዘምር" አሉት። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ "ውታፉን ግን አጥብቀው፤ ካባዬን በሳኸው።"