አያ ጌታው የመረጠላት ጃኬት

ደረቅ ነው! ጀርባው ደረቅ ነው! እልል ብትሉ ያምርባችኋል፤ እኔስ ብያለሁ። አየለች በገዛ እጇ ዳብሳ «ደረቅ ነው» ብላለች፤ ከእሷ አፍ ከወጣ ደግሞ ማንም አይክደውም።

የማን ጀርባ ነው፣ ምኑስ ነው እልል የሚያስብለው ካላችሁ፣ ትንሽ ታገሡኝ። መጨረሻው የደስታ ነው፤ መንገዱ ግን በእንባ በኩል ነው የሚያልፈው።

ጌታው የሚባል ሰው አለ። አዘዞ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ካለው የእህል መጋዘን በር ላይ ወንበር አውጥቶ የሚቀመጠው ዘበኛ እሱ ነው። ሰፈሩ «አያ ጌታው» ይለዋል። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር። ወንበሩን ሁልጊዜ ጀርባውን ለሰሜን ሰጥቶ ነው የሚያስቀምጠው። በሰሜን በኩል የደባርቅ መንገድ አለ፤ ከደባርቅ ወዲያ ደግሞ ተራራው አለ፤ ጌታው ደግሞ ተራራውን በዓይነ ሕሊናውም ቢሆን ማየት አይፈልግም።

ያ ተራራ ሃያ ስድስት ዓመት እንጀራው ነበር። የተራራው ፓርክ ጠባቂ፣ እስካውት ነበረ። ጠመንጃውን አንግቶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ጎብኚ እንግዶቹን በየካምፑ፣ ከሳንቃበር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ ሲያደርስ የኖረ ሰው ነው። ጉሙ ከየትኛው ሸለቆ እንደሚነሣ፣ በረዶው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚወርድ በአፍንጫው ያውቅ ነበር። ያላወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ልጁን አስከፈለው።

የጌታው ስሕተት የደጋ ሰው ሁሉ ስሕተት ነው። ደጋ ላይ ልብስ የሚመረጠው በክብደቱ ነው። ጋቢ ሲገዛ በአንድ እጅ ይነሣል፤ ክንድ ከጎተተ ሸጋ ነው፣ ቀለል ካለ ለባለቤቱ ይመለሳል። ከባድ ማለት ሙቅ ማለት ነው፤ ይህን ማንም አያስተምርም፣ ማንም አይጠይቅም። እናም ልጁ ህሩይ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶት ለእንግዶች ጓዝ ተሸካሚ ሆኖ ሊቀጠር ሲል፣ ጌታው በጉን ሸጠና ደባርቅ ገበያ ሄደ። ከተሰቀሉት ሁሉ ከባዱን፣ ውስጡ በጥጥ የታጨቀውን፣ ካፖርት የሚያክለውን ጃኬት መረጠ።

ህሩይ ለብሶት ሳቀ። «አባዬ፣ ይሄማ ቤት ነው። በር ብቻ ነው የጎደለው።»

«በር የለውም፤ ብርድም አይገባበትም» አለ ጌታው፣ ኮራ ብሎ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ህሩይ ሸክሙን ይዞ የቧሂትን ተራራ ሊሻገር ወጣ። ሽቅቡን ሲወጣ ላቡ ከውስጥ፣ ካፊያው ከውጪ፤ ጥጡ ሁለቱንም ጠጣ። ጫፉ ላይ ንፋሱ ሲያገኘው ጃኬቱ ሌላ ሰው የተሸከመ ያህል ከብዶ ነበር። ጓደኞቹ «አውልቀህ ጣለው፣ ጋቢ እንሰጥሃለን» ብለው ለመኑት። «አባዬ በጉን ሸጦ የገዛው ነው፤ ጥዬው ብገባ ምን ይለኛል» አለ። ቁልቁለቱን ሳያጋምስ አረፍ ልበል ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

ጌታው ይህን ሁሉ የሰማው ዘግይቶ ነው። የገባው ግን ማንም ሳይነግረው፣ እዚያው ለቅሶው ላይ ነበር። በአገሩ ወግ የሟች ልብስ ለቅሶ መካከል ይያዛል፤ አስለቃሿ ከፍ አድርጋ ታሳያለች፣ ሕዝቡም እሱን እያየ ያለቅሳል። የህሩይን ጃኬት የያዘችው ሴት በአንድ እጇ ልታነሣው ሞከረች፣ አቃታት። በሁለት እጇ አነሣችው። ያን ጊዜ ከጫፉ ውሃ ጠብ አለ። ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ አልደረቀም።

እናቱ አየለች ድምፅዋን ቆረጠች። መሬት ላይ የወደቀችውን ጠብታ አየች፤ ከጠብታዋ ቀና ብላ ባሏን አየች። ምንም አላለችም። ጌታው እስከ ዛሬ ድረስ «ምነው በዚያች ሰዓት በተሳደበች» ይላል።

ጃኬቱ ለነፍሱ ተብሎ ለአንድ የኔ ቢጤ ተሰጠ። እነሱም ከብታቸውን ሸጠው ወደ አዘዞ ወረዱ። አየለች ከድሮው ቤት ግድግዳ ነቅላ ያመጣችው ህሩይ ልብሱን የሚሰቅልበትን የበሬ ቀንድ ነው። አዲሱ ቤት በር አጠገብ መልሳ ተከለችው። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ምንም አልሰቀለበትም። ድሮ «ጌትዬ» የምትለውንም ባሏን «አንተ ሰው» ማለት ጀመረች፤ «አንተ ሰው፣ ራትህ ቀርቧል»፣ «አንተ ሰው፣ በሩን ዝጋው»። በዚያ መሐል ሌላ ቃል የለም።

አሁን ሐመልማል መጣች። የህሩይ ታናሽ እህት፣ የቀረችላቸው አንዲት ልጅ። ማራኪ ሰፈር ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ ተምራ ተመርቃለች፤ ሥራ ፈልጋ ፈልጋ በዚህ ግንቦት አገኘች። ምን አገኘች? ዋሊያ ቆጠራ! ስምንት ቀን ተራራው ላይ፣ ያውም በካምፑ ሳይሆን በመሸበት በተገኘበት ገደል አፋፍ ድንኳን ተክሎ ማደር። በቅሎ አይከተልም፣ ዋሊያው ይደነግጣል። ድንኳኑም፣ መኝታውም፣ ስንቁም በጀርባ ነው።

አየለች ስትሰማ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። «ተራራው አንዱን በልቶ አልጠገበም?»

«እማዬ፣ ሥራ ነው።»

«ሥራ ጠፍቶ ነው? ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ብትሸጪስ?»

«ልቅጠርሽ ያለ ባለሱቅ አለ?» አለች ሐመልማል። ቀጥላ ወደ አባቷ ዞረች። «ጃኬቱን አባዬ ነው የሚመርጥልኝ።»

 አየለች ቀንዱን እንጂ ባሏን አላየችም። «እሱማ መርጦ አሳይቶናል» አለች።

ጌታው ተነሥቶ ወጣ። ሐመልማል ግን እስከ መጋዘኑ በር ተከትላው ሄደች። «አባዬ፣ አንተ ካልመረጥህልኝ ሌላ ሰው የመረጠውን ለብሼ ነው የምወጣ። ያ ሰው ደግሞ ጨነቅን አያውቀውም።» ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ እሱ ነው የሚያውቀው፤ ጠዋት ግን ሚኒባስ ላይ አብሯት ተቀምጦ ታየ።

አራዳ፣ የሻው የሚባለው የሰልባጅ ነጋዴ ዘንድ ሄዱ። የሻው ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ጃኬቶቹ ከጣሪያ እስከ መሬት ተሰቅለዋል። ጌታው ገና እንደገባ እጁ ራሱን ችሎ ሄደና ከባዱን ያዘ። አነሣው። ክንዱን ጎተተው። ሸጋ ነበር። ከዚያ እሳት እንደነካው ሰው ለቀቀው፤ ጃኬቱ መሬት ወደቀ።

«ምነው አያ ጌታው፣ ነከሰዎት እንዴ?» አለ የሻው።

ጌታው እጆቹን ከጋቢው ሥር አስገባ። «አንቺ ምረጪ» አለ ለልጁ፤ «እጄን አላምነውም።»

ሐመልማል ጃኬቱን አንሥታ መለሰች። «አባዬ፣ እኛ ሶፍትሼል የሚሉትን ነው የምንፈልግ። ስስ ነው፤ ላብ ያስወጣል፣ ንፋስ አያስገባም፣ ካፊያ ይችላል። ሲበርድ ከሥሩ ሹራብ እደርባለሁ፤ ዶፍ ሲመጣ ላስቲኩን ከላይ። አንድ ልብስ ሁሉን አይሠራም።»

«ሦስቱ ተደምረው የዚያኛውን ጃኬት ያህል ይከብዳሉ?»

«ግማሹንም።»

ጌታው በልቡ ደገመው። ግማሹንም። ከዚያ እጁን ከጋቢው አወጣ።

አንዱን ስስ ጃኬት አንሥቶ በትንሿ ጣቱ አንጠለጠለው። ሌላውን ጨርቁን ከንፈሩ ላይ ገጥሞ ነፋ፤ መዳፉን ከወዲያ በኩል አድርጎ ትንፋሹ ማለፍ አለማለፉን አዳመጠ።

«አያ ጌታው፣ ጃኬት ነው እንጂ ጥሩምባ አይደለም!» አለ የሻው።

«ውሃ አለህ?»

«ለመጠጣት?»

ጌታው ከነጋዴው ኮዳ የጃኬቱ እጅጌ ላይ ጠብ አደረገ። ውሃው ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ጠል ድብልብል ብሎ ተንከባለለና ወረደ። የሻው ጭንቅላቱን ያዘ። «ዛሬስ ሱቄን ወንዝ አደረጉት!»

ሐመልማል ቀይ አጭር ጃኬት ለብሳ መስታወቱ ፊት ቆመች። አምሮባት ነበር። ጌታው ግን ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ወገብሽ ላይ ያልቃል። ገደሉ አፋፍ ላይ ስትቆሚ ንፋሱ ከፊት የሚመጣ ይመስልሻል፤ አይደለም። ከታች ነው የሚመጣ። ከገደሉ ሥር ተነሥቶ በልብስሽ ጫፍ ይገባና በአንገትሽ ይወጣል። ከኋላ ረዘም ያለ፣ ጫፉ በገመድ የሚጠበብ ፈልጊ።» ይህን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ከተናገረ ሦስት ዓመቱ ነው። ሐመልማል ቀዩን አወለቀች።

ግራጫ አገኙ። አስቀያሚ ግራጫ፣ ግን ረጅም፤ ጫፉ ገመድ አለው፣ ኪሶቹም የሻንጣው ቀበቶ ከሚያርፍበት ከፍ ይላሉ። አንገቱ ላይ በእስክሪብቶ የፈረንጅ ስም ተጽፎበታል። ጌታው ስሙን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «የሞተ ሰው ልብስ ነው?»

«ኧረ ወዲያ! ፈረንጅ ልብሱን የሚጥለው ሲወፍር ነው!» አለና የሻው የራሱን ሆድ መታ። ጌታው ሊስቅ ምንም አልቀረው።

አላለቀም ግን። ጌታው አንድ ነገር ጠየቀ፤ ልጅቷ ሸክም ተሸክማ ጎሃ ተራራ ድረስ ለብሳው ትውጣና ትመለስ።

«ላቧን ይዛ ልትመልስልኝ?»

«ላቧን ነው ማየት የምፈልገው።»

የሻው የጌታውን ዓይን አየና ቀልዱን ተወ። «ይሂዱ» አለ።

አባትና ልጅ ሽቅቡን ወጡ፤ እሷ በጆንያ ጤፍ ተሸክማ፣ እሱ ከኋላዋ ጀርባዋን እያየ። አንዳንዴ «ፍጠኚ» አላት፤ እንዲያልባት ነው። ላይ ሲደርሱ ሸክሟን አወረደላትና እጁን ከአንገቷ ሥር፣ በጃኬቱና በሸሚዟ መሐል አስገባ። ሸሚዙ ወዝቷል። ጃኬቱ ግን ምንም አልጠጣም። ንፋሱ ላይ አቆማትና ጠበቀ። ደግሞ ዳበሳት፤ ወዙ እየለቀቀ ነው። እጁን እዚያው እንዳደረገ ፊቱን አዞረ። ሐመልማል ዞራ አላየችውም።

«በዚህ መንገድ ሊሞከር ይችል ነበር» አለ በመጨረሻ። «አንድ ቀን ብቻ፣ ሽቅብ አስወጥቼው ቢሆን።»

ሄደች። ጃኬቱ ተገዝቶላት፣ ወደ ቆጠራው፤ ስምንት ቀን ስልክ የለም። አየለች ቤቱን ጠረገች፣ መልሳ ጠረገች፤ ከባሏ ጋር ያን «አንተ ሰው» የሚለውንም አቆመች። አምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አዘዞ ላይ በረዶ ወረደ፣ የቆርቆሮውን ጣሪያ እንደ ከበሮ መታው። ጌታው ወንበሩን አነሣና፣ በሦስት ዓመቱ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ተቀመጠ። በረዶው ትከሻውን እየመታው አልተነሣም። አየለች ማዶ ካለው ቤታቸው በር ላይ ሆና አየችው። ግባ አላለችውም፤ እሷም አልገባችም።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ሐመልማል ከአስፓልቱ እስከ ቤቱ በካፊያ እየመጣች ከሩቅ ታየች። ከንፈሯ በብርድ ተሰነጣጥቋል፣ አፍንጫዋ ተልጧል፣ ግራጫው ጃኬት ላይ ውሃው ይንከባለላል። እናቷ ሮጣ ደረሰችባት፤ አልሳመቻትም። እጇን በአንገቷ በኩል እስከ ጀርባዋ ከተተች። እንደዚያ ቆመው ቆዩ። ጌታው ከመጋዘኑ በር ተነሥቶ ያያቸዋል።

«ደረቅ ነው» አለች አየለች።

«በበረዶውም ቀን ደረቅ ነበር፣ እማዬ። ንፋሱ ከታች ነበር የሚመጣ፣ አባዬ እንዳለው። ገመዱን ሳብኩት።»

አየለች ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ በለቅሶው ቀን የቆረጠችውን ድምፅ አሁን ቀጠለችው ማለት ይቻላል። ጃኬቱን ከልጇ ላይ አወለቀች፣ በአንድ እጇ፣ አዎ በአንድ እጇ አራግፋ ወደ ቤት ገባችና ቀንዱ ላይ ሰቀለችው። ጌታው ደጃፉ ላይ ደርሶ ቆሞ ነበር።

«ለእሱም እንዲህ ያለ አልነበረም?» አለችው፣ ዓይኗን ከጃኬቱ ሳታነሣ።

«ነበረ» አለ ጌታው። «እኔ ነኝ ያላወቅሁት።»

«አላወቅህም» አለች። ደግማ «አላወቅህም» አለች፤ ሁለተኛው ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ከዚያ «ግባ፣ ጌትዬ፤ ረጥበሃል» አለችው።

ገባ። ሁለቱም ቀንዱ ሥር ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ ሐመልማልም ጫማዋን ሳታወልቅ መሐላቸው ተቀመጠች። ከጃኬቱ ጫፍ አንድ ጠብታ ወረደች። ሦስቱም አዩዋት። ሁለተኛ አልወረደችም።

እኔማ፣ ጎረቤታቸው፣ በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼላቸው ወጣሁ። የሻው ግን አልሰማም እኮ! ያን ሁሉ ውሃ ሱቁ ላይ ሲፈስ የቻለ ሰው፣ ጃኬቱ ምን ላይ እንደተሰቀለ ከማንም በፊት መስማት አለበት። ወደ አራዳ የሚያደርሰኝ ሚኒባስ ረዳት «ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ አንድ ሰው!» እያለ ነው፤ ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ። ጠብቀኝ፣ መጣሁ!