የጎደለችው ኮከብ

ለንደን ውስጥ የምማረው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌም ሳይበሉ ኢንተርኔት ላይ ምግብ ቤት ስለሚያሞግሱ ሰዎች ነው። ታዲያ አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ዘነበች እጄን ያዝ አደረጉኝ። ሰቨን ሲስተርስ በሚባለው የለንደን ሰፈር ምግብ ቤት ከፍተዋል።

«በስልክሽ አምስት ኮከብ ስጪልኝ፤ ሁሉም ሰጥተውልኛል።»

«እትዬ፣ መጀመሪያ መጥቼ ልብላ እንጂ!»

«አዲስ ቤት የምንመርቀው ኖረንበት ነው እንዴ?» አሉኝ።

እኛ ዘንድ መልካም መመኘት ውሸት አይደለም፤ የማያውቀን መንገደኛ ግን ምኞታችንን እንደ ምስክርነት አምኖ ይገባል። በሳምንቱ ሄጄ በላሁ። ጥብሱ ግሩም ነው፤ ሽሮው ግን ጨው በዝቶበታል። ያንኑ ጽፌ አራት ኮከብ ሰጠሁና ሕሊናዬን አሳረፍኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የቤቴ በር ተንኳኳ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ለትዳር የላካቸው ማን ይሆን እያልኩ ፀጉሬን አስተካከልኩ።

«ግቡ፣ አረፍ በሉ» አልኳቸው።

«እሺ ሳትይን አንቀመጥም» አሉ ትልቁ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው። «ልጄ፣ የመጣነው ስለዚያች አንዲት ኮከብ ነው።»