ወንድሜን ላስተኛ የሄድኩበት ተራራ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ሄርሜላ እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ወዳለችው የቅመማ ቅመም ሱቄ መጥታ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ስልኳን ታገላብጥ ጀመር። ስፕሪንግ ብሬኳ፣ የጸደይ የትምህርት ዕረፍቷ፣ ደርሷል። አባቷን ይዛ ለቅዳሜና እሁድ ካምፕ ልትወጣ፣ ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክላ ልታድር አስባለች።

«ሶ፣ አክስቴ፣ ጸጥ ያለ ቦታ እየፈለግሁ ነው። ዳዲ ነው ጸጥ ያለ ይሁን ያለው። ሪዘርቭ ከማድረግሽ በፊት አክስትሽን ጠይቂያት አለኝ።»

በርበሬ እየመዘንኩ ነበር። እሱ ራሱ ነው እንዲህ ያለው ብዬ ጠየቅኋት። ራሱ ነው አለችኝ። ወንድሜ ካምፕ የሚለውን ቃል ካነሳ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ልጅቱ ይህን አታውቅም። የደንበኛውን በርበሬ ቋጥሬ ሸኘሁትና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ እኔ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። ጠዋት ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ፤ ከሰዓት ኮሌጅ እማራለሁ። የምንኖረው ኮሪያታውን ነው፤ እኔ፣ ወንድሜና ኪራዩን የሚጋራን አንድ ልጅ። ወንድሜ በብዙ ስለሚበልጠኝ ወንድምጋሼ ነው የምለው፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። በሰሜኑ ጦርነት ወታደር ነበር። በሱዳን በኩል ወጥቶ አሜሪካ ከገባ በኋላ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል። ሰው የሚያውቀው በትሕትናው ነው። የደንበኛን መኪና ፓርክ ሲያደርግ እንኳ በሩን የሚዘጋው የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ ያህል ነበር።

መተኛት ግን አይችልም። ሰፈራችን ሳይረን የማይለየው ሰፈር ነው፤ የፖሊስ ሄሊኮፕተር ጣራው ላይ ሲዞር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። እሱ ያኔ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ጥርሱን ነክሶ ያነጋል። አንድ ጠዋት አብሮን የሚኖረው ልጅ ሥራ እንዳይረፍድበት ብሎ ትከሻውን ቢነካው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ ተነሥቶ ጉሮሮውን አነቀው። የልጁ ምላስ ወጥቶ ነበር። እጁን ያላቀቅነው እኔና አንድ ጎረቤት ተጋግዘን ነው። ልጁ ፖሊስ አልጠራም፤ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ወንድምጋሼ የልጁ አንገት ላይ የቀረውን የጣቶቹን ምልክት አይቶ ነበርና ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምስ ዋለ። ከዚያ፣ «ለአንድ ቀን ብቻ ጭጭ ያለ ቦታ ብተኛ» አለኝ።

እኔም ይህንን ይዤ ተነሣሁ። አንዲት የክፍሌ ልጅ ድንኳኗን አዋሰችኝ። ጊዜው ሁዳዴ ስለነበር ሱፍ ፍትፍት፣ ዳቦና ቆሎ ቋጠርኩ። ክረምቱን ጥሩ ዘንቦ ስለነበር ሁልጊዜ ደረቅ የሚሆኑት ኮረብታዎች ለምልመዋል፤ የመንገዱ ዳርና ዳር በቢጫ አበባ ተሸፍኗል። ወንድምጋሼ እየነዳ ብዙ ቆይቶ አንድ ጊዜ ፈገግ ሲል አየሁት።

መጀመሪያ የሄድነው ባሕሩ ዳር ነው። አስቀድሞ ቦታ መያዝ እንዳለበት እንኳ አናውቅም ነበር። ለዕረፍት የወጣ ተማሪ እንደ ጉድ ሞልቶታል፤ ሙዚቃው፣ ቢራው አይጣል ነው። በሩ ላይ ቆመን ስንጠይቅ ሁለት ጎረምሶች ተያያዙና አንደኛው ጠርሙስ ሰብሮ የሌላውን ጉንጭ እስከ ጆሮው ተረተረው። ልጁ እየተንገዳገደ መጥቶ የእኛ መኪና ኮፈን ላይ ወደቀ፤ ደሙ በመስታወቱ ወረደ። ወንድምጋሼ ወርዶ ልጁን ለጓደኞቹ አስያዘና መኪናውን አዞረ። ደሙን ከመስታወቱ ላይ ያጠብነው ነዳጅ ማደያ ስንደርስ ነው።

ሁለተኛው ቦታ፣ ተራራው ግርጌ ያለው፣ ጄኔሬተር የሚያጓራበት ሆነ። በሩ ላይ ያሉት ሽማግሌ ግን ወንድሜን ትክ ብለው አዩና ከተራራው በላይ በኩል፣ በጥርጊያው መንገድ መጨረሻ፣ ሰው የማይሄድበት ትንሽ ቦታ እንዳለ ነገሩን።

እውነታቸውን ነው። ጥድና ወንዝ ብቻ ነበር። ከእኛ ሌላ የነበረው አንድ ድንኳን ነው። ቀይ ጢም ያለው ሰውዬ ሥጋ እየጠበሰ እጁን አነሣልን። ሚስቱ በዛፎቹ ጥላ ውስጥ እንኳ የፀሐይ መነጽሯን አላወለቀችም። ያን ጊዜ ምክንያቱ አልገባኝም።

ወንድምጋሼ በላና ጥዱ ሥር ጋደም አለ። እንቅልፍ ወሰደው። ግንባሩ ሲፈታ፣ ጭብጡ ሲከፈት አጠገቡ ተቀምጬ አየሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርድ ልብስ ደረብኩለት፤ አልነቃም። ሌሊቱን እንዳለ ተኛ። ከአገር ከወጣ ጀምሮ እንዲህ ተኝቶ አላየሁትም፤ ደስታዬ ይህ ነው አይባልም።

ጠዋት ፀሐይ ወጥታም እሱ ተኝቷል። እኔ ለሻይ ውኃ ጥጄ ነበር። ውኃው ሲፈላ ከዚያኛው ድንኳን በኩል የጥፊ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ከጥፊ የከበደ ሌላ ድምፅ። ሴትዮዋ ባዶ እግሯን እየሮጠች ወደ እኛ መጣች። መነጽሯ የለም፤ አንድ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል። ባሏ የመጥረቢያ እጀታ ይዞ ይከተላታል። እግሬ ሥር ስትወድቅ ጀርባዋን በእጀታው መታት። ሁለተኛውን ሲሰነዝር ያፈላሁትን ውኃ አንሥቼ ደረቱ ላይ ደፋሁበት። ጮኸና ወደ እኔ ዞረ።

ወንድሜ መቼ እንደተነሣ አላየሁም። ለእኔ የተሰነዘረውን እጀታ በክንዱ ተቀበለው፤ ክንዱ ሲሰበር ሰማሁ። እሱ ግን የሰማ አይመስልም። በጭንቅላቱ ሰውዬውን አፍንጫው ላይ መታው፤ ጣለው፤ ደረቱ ላይ ወጣ። ከምድጃው ዙሪያ ድንጋይ አነሣና በደህና እጁ ፊቱን ይቀጠቅጠው ጀመር። የሰውዬው ጥርስ ሲረግፍ፣ መንጋጋው ወደ ጎን ሲሄድ አየሁ። ሰውዬው መታገሉን ተወ፤ እጆቹ ግራና ቀኝ ተዘረጉ። ወንድሜ አላቆመም። አይጮህም፣ አይሳደብም፤ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ይመስል ነበር።

ሴትዮዋ ተነሥታ የወንድሜን ጀርባ በቡጢ ትደበድብ ጀመር። «ገደልከው» ትላለች። እኔም ወንድምጋሼ፣ በቃህ እያልኩ ሸሚዙን ጎተትኩ፤ ሸሚዙ ተቀድዶ እጄ ላይ ቀረ። የማደርገው ቢጠፋኝ ሰውዬው ላይ ወደቅሁና ጭንቅላቱን በሰውነቴ ሸፈንኩት። የተነሣው ድንጋይ ትከሻዬ ላይ አረፈ። አጥንቴ ተሰበረ።

ጩኸቴን ይሁን ፊቴን እንጃ፤ ያኔ ቆመ። ድንጋዩን አየው፤ እኔን አየኝ። «አንቺ ነሽ?» አለኝ።

የቦታው ጠባቂ ጩኸት ሰምታ ደርሳ ነበርና በሬዲዮ አምቡላንስና የአካባቢውን ፖሊስ ጠራች። ወንድሜን ከተሰበረ ክንዱ ጋር በካቴና አሰሩት። ሰውዬው ይሞታል፣ ወንድሜም እስር ቤት ይበሰብሳል ብዬ ነበር። የታደገችው ያችው በቡጢ ስትደበድበው የነበረች ሴት ናት። ሆስፒታል ውስጥ፣ ደም የነካው ሸሚዟ ሳይቀየር፣ ለፖሊሶቹ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የዚያን ቀኑን ብቻ ሳይሆን የዓመታቱን። ሰውዬው ተረፈ፤ አንድ ዓይኑ ግን ጠፋ፤ በኋላም ታሰረ። በወንድሜ ላይ ክስ ሳይመሠረትበት ቀረ።

ሰፈር ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እናቶች ሴት ያዳነ ጀግና እያሉ ይመርቁት ጀመር። እሱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። አንድ ቀን፣ ሁለታችንም ክንዳችን በጨርቅ አንገታችን ላይ ተንጠልጥሎ ቁጭ ብለን፣ እንዲህ አለኝ፦

«ሰው ሁሉ ለሴትዮዋ ብሎ ነው ይላል። እጀታውን የተቀበልኩት ላንቺ ነው። ድንጋዩን ያነሣሁት ግን ላንቺም ለእሷም አልነበረም።»

ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሐኪም ዘንድ እንሂድ አልኩት፤ እሺ አለ። ዓመታት ፈጅቶበታል። ዛሬ ያገባ፣ የወለደ፣ ሌሊቱን ከሞላ ጎደል የሚተኛ ሰው ነው።

ሄርሜላ ፊት ለፊቴ መልስ ትጠብቃለች። ይህን ሁሉ አልነገርኳትም፤ መናገር ያለበት እሱ ነው። ወደ ውስጥ ገብቼ ደወልኩለት። ልጅህ ጸጥ ያለ ቦታ አምጪ እያለችኝ ነው አልኩት።

«እዚያ ጥዱ ሥር የተኛሁትን እንቅልፍ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም» አለኝ። «ልጄ ይህንንም እንድታውቅ ፈልጌ ነው። የድንጋዩን ነገር ስነግራት ግን አንቺ ብትኖሪ ይሻለኛል።»

ስለዚያ ሰውዬ ብዙ አስቤአለሁ። ስሸፍነው አላዘንኩለትም ነበር፤ ቢሞት ወንድሜን አጣዋለሁ ብዬ ብቻ ነው የተጋደምኩት። ወንድሜም ድንጋዩን ያነሣው ለሴትዮዋ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ሰውዬውም ሴትዮዋም በሕይወት ወጡ። ሰው ሲተርፍ ያተረፈው ሰው ልብ ንጹሕ ነበር ወይ ተብሎ አይጠየቅም።

ወጥቼ ሄርሜላን ለሦስት ሰው የሚሆን ድንኳን ፈልጊ አልኳት።