የሞገስ ስንቅ በጠፈር መኪና

ይቅርታ አድርጉልኝ። መጻፍ የእኔ ሥራ አይደለም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ ከታቀፉ እናቶች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው፤ እስከ ዛሬም ረጅም ቃል ሲያጋጥመኝ በጣቴ ካልተከተልኩት ይጠፋብኛል። እንዲህ ያለ ሰው የሌላውን ኑሮ ልጻፍ ሲል ድፍረት ነው፤ አውቃለሁ። ግን ተዋበች ጎረቤቴ ናት፤ ሌላ የሚጽፍላት ሰው ደግሞ አላየሁም። ስህተቱን እለፉልኝ።

ተዋበች ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ቅርፊት ትፍቅ ነበር። ጀልባዎቹ ሲገቡ ቢላዋዋን ይዛ ትቀመጣለች፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ወገቧን ይዛ ትነሣና፣ እጇን በሎሚ አሽታ፣ ወደ ቤት ትመለሳለች። እቤት ደግሞ ከዓሣው የሚብስ ድካም ይጠብቃታል። አማቷ እማማ የሺ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለመሄድ ተዘጋጅተው በር ላይ ተቀምጠዋል።

የእማማ የሺ ልጅ፣ የተዋበች ባል ሞገስ፣ ወደ ሰሜን የዘመተ ወታደር ነው። ምጽዋ አይቼዋለሁ ካለ አንድ ቁስለኛ በቀር ወሬው ጠፍቷል። አሮጊቷ ግን አርፈው አይቀመጡም። ወታደር የጫነ መኪና ሻሸመኔ ቆሟል ሲባል ሻሸመኔ፣ ከግንባር የመጣ ሰው ቱላ አርፏል ሲባል ቱላ። ተዋበችም ብቻቸውን መልቀቅ አይሆንላትምና ከኋላ ከኋላ ትከተላለች። ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ «ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ይመጣል» ይላሉ። ተዋበችን ግን ነገ የሚለው ቃል ራሱ ያደክማት ጀምሮ ነበር።

የአብዮቱ በዓል ሰሞን ከአዲስ አበባ በትልቅ ተሳቢ ተጭኖ አንድ ነገር መጣና ሐይቁ ዳር ካለው ሜዳ ላይ ተተከለ። ብርማ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ፣ አፍንጫው ሹል፣ መስኮቱ ክብ ክብ። የጠፈር መኪና ነው ተባለ። በየመንደሩ በድምፅ ማጉያ ይለፈፍ ጀመር፦ «ጓዶች! ከነቤተሰባችሁ ኑ! ከምድር ተነሥታችሁ እናት አገራችንን ከዳር እስከ ዳር ከላይ ታያላችሁ!»

እማማ የሺ ይፈትሉት የነበረውን ጥጥ አስቀመጡ።

«ከዳር እስከ ዳር ነው ያለው?»

«አዎ እማማ።»

«ምጽዋም እኮ ዳር ናት።»

ተዋበች ገባት። መኪናው የትም እንደማይሄድ ታውቃለች። ዓሣ ሊገዛ የወረደው የተሳቢው ሹፌር «ሲኒማ ነው እህቴ፤ ወለሉን ሞተር ያናውጠዋል እንጂ ሌላ የለውም» ብሏት ነበር። ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት እማማ የሺ ዱቄት መንፋት ጀምረዋል። መልሳ ዘጋችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተሰለፉ፤ እማማ የሺ፣ ተዋበችና ትንሿ ልጇ ሙሉዬ። አሮጊቷ በጨርቅ የታሰረ ዳቦ ቆሎ ታቅፈዋል። ከኋላቸው የተሰለፈችው ባለሱቋ ፈትያ አይታ ሳቀች።

«እማማ የሺ፣ ለሰማይ ቤትም ስንቅ ይቋጠራል እንዴ?»

«ለሞገስ ነው።»

ፈትያ ሳቋን ዋጠችና ተዋበችን አየቻት። ተዋበች ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«ኧረ እማማ፣ ከሚበላሽ ሰልፉን ለከበቡት ለእነዚህ ልጆች ይበትኑላቸው። ዱዓ ያደርጉለታል።»

«ምን አልሽ? የሚበተነው እኮ የሞተ ሰው እህል ነው! የእኔ ልጅ በሕይወት አለ። ላለ ሰው ይላክለታል እንጂ አይበተንለትም!»

«አፌን ይቁረጠው እማማ! አላህ በሰላም ይመልሰው።»

ተራቸው ደርሶ ገቡ። ውስጡ ጨለማ ነው። አግዳሚ ላይ አስቀምጠው ቀበቶ አሰሩላቸው። በሩ ተዘጋ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ከየት እንደሆነ የማይታወቅ ቀዝቃዛ ነፋስ ፊታቸውን መታው። ሙሉዬ በደስታ ታጨበጭባለች። ተዋበች ግን ያለ ሥራ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አልለመደችምና እንቅልፍ ያንገላጅጃት ጀመር። ይኼ ነገር ባያልቅ ምን አለበት አለች በልቧ።

በመስኮቶቹ ከዋክብት አለፉ። ከዚያ ምድር፣ ሰማያዊ ሆና መጣች። ካኪ የለበሰው አስጎብኚ ማይክሮፎኑን ያዘ።

«ጓዶች፣ አሁን ከአገራችን በላይ ነን! ያ ቀይ ባሕር ነው!»

«ምጽዋ የቱ ጋ ነው ልጄ?» አሉ እማማ የሺ።

«እዚያ እናቴ፣ ከባሕሩ ጠርዝ።»

እማማ የሺ ቀበቶውን ፈቱ። ቆሙና፣ አውቶቡስ ላይ እንደሚደረገው፣ ቆርቆሮውን በመዳፋቸው ደበደቡት።

«ወራጅ አለ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«እማማ፣ ፌርማታው አልፏል!» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«ሹፌር፣ ኧረ የሳንቲም መልሳቸውን እንዳይረሱ!» አለ ሌላው።

«አቁምልኝ ልጄ! እሺ አልውረድ፣ መስኮቱን ብቻ ክፈቱልኝ፤ ከዚሁ እጥልለታለሁ!»

ሙሉዬ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች። «እማዬ፣ ፊልም እኮ ነው። ንገሪያቸው።»

ተዋበች ጎትታ ልታስቀምጣቸው እጇን ዘረጋች። አሮጊቷ ቆርቆሮውን መደብደባቸውን አልተዉም፤ ሰዉ ይስቃል። ቀበቶዋን ፈትታ አጠገባቸው ቆመች። ዓሣ በሚሸተው እጇ ቆርቆሮውን መታችው።

«ወራጅ አለ ተብሏል እኮ! አትሰሙም?»

ሳቁ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። አስጎብኚው አንዱን ሠራተኛ «ሞተሩን አጥፋው» አለና በሩን ከፈተ።

ውጪው ያው ሜዳ ነው። ሐይቁ እንደተኛ ነው፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ዛፉ ላይ እንደተኮለኮሉ ናቸው። ፈትያ ተራዋን እየጠበቀች በጥላዋ ሥር ቆማለች፤ «ደርሳችሁ መጣችሁ እንዴ?» አለች።

እማማ የሺ ደጃፉ ላይ ቆመው ሜዳውን ዙሪያውን አዩ።

«ከቦታችን አልተነቃነቅንም» አሉ።

«አልተነቃነቅንም እማማ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ደከመኝ እማማ። በየሄድንበት አይሆንም፣ የለም የሚለውን አብሬዎት መስማት ደከመኝ። እኔ ደግሞ ልጨምርበት?»

ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አሮጊቷ ስንቁን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«እኔስ ጉልበቴ ካለቀ ቆየ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ የተቀመጥኩ ቀን አንቺ ታለቅሻለሽ ብዬ እኮ ነው የምንከራተተው።»

ተዋበች ማልቀስም መሳቅም አቃታት። ሙሉዬ የአያቷ ጭን ላይ ተኛች። ቀጥሎ የገቡት ሰዎች ቆርቆሮው ውስጥ ሲጮኹ ይሰማል።

በማግስቱ ጠዋት እማማ የሺ ነጠላቸውን አላጣፉም። ተኝተው «ስንቁን ፍቺው» አሉ።

ተዋበች ቋጠሮውን ፈታች። ለሙሉዬ እፍኝ ሰጠቻት።

«ለአባቷ አስቀሪለት።»

«አስቀርቻለሁ።»

የቀረውን መልሳ አስራ ከሞገስ ካፖርት ጎን ሰቀለችው። ለራሷም ቆንጠር አድርጋ በመቀነቷ ቋጠረችና ቢላዋዋን ይዛ ወጣች። እየቆረጠመች ወደ አሞራ ገደል ወረደች። ጨው አንሶታል። ተመልሳ ልትነግራቸው አሰበች፤ ደከማት። ማታ እነግራቸዋለሁ ብላ መንገዷን ቀጠለች።