የፍልሰታ እንጉዳይና የባለቤቴ ጉበት

ሆዴን ቆረጠኝ ሲለኝ ሳቅሁበት። የፍልሰታ ጾም ነበር፤ ባለቤቴ ይሁኔ ከቅዳሴ መልስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የእንጉዳይ ድስቱን ብቻውን ጠርጎ ነው የተነሣው። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ጎኑን ይዞ ሲያጎነብስ ጥጋብ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ማስመለስ ጀመረ። ቀጥሎ ተቅማጥ። ከዚያ ሁለቱም ባንድ ላይ።

እንጉዳዩን ያመጣው ራሱ ነው። ዘመዶቹን ሊጠይቅ ሮብ ገበያ ወደምትባለው የገጠር ከተማ ሄዶ፣ ሲመለስ ከብት ከሚውልበት መስክ ዳር ለቅሞ ፌስታል ሙሉ ይዞ መጣ። እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ እኛ ሰፈር ይህን ነገር የጅብ ጥላ ብለን በእግራችን እንመታዋለን እንጂ ድስት ውስጥ አንጨምረውም። "ነጭ ነው፣ ትልም በልቶታል። ትሉ ካልሞተ እኔ እሞታለሁ?" አለኝ። የልጅነት እውቀቱ ይኸው ነበር።

አንድ ነገር ግን አሳሰበው። ጥዋት ራሱ ሲጠብሰው ሥጋ ሥጋ ስላለ፣ ጾም ያስፈታ እንደሆነ ብሎ ንስሐ አባታችን ጋ ደወለ። "እንደ ጎመን ቁጠረው" አሉት። ደስ አለው። ስለ ነፍሱ አረጋገጠ፤ ስለ ሆዱ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔ አልቀመስኩም። አብረውን የሚኖሩት እናቱ እማሆይም ከመነኮሱ ወዲህ በፍልሰታ ከሽምብራ ጥሬ ሌላ ባፋቸው አይዞርም።

ከእማሆይ ጋር ሆነን በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። ወጣቷ ዶክተር ጉሉኮስ አስተከለችለትና፣ "መቼ ነው የበሉት?" አለችው።

"ዘጠኝ ሰዓት።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"ጾም ነው እኮ!" አለ፣ እንደተሰደበ ሰው።

ዶክተሯ ፈታ አለች። "ቶሎ የሚያስመልስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። የሚያስፈራው ብዙ ሰዓት ቆይቶ የሚጀምረው ነው፤ እሱ ጉበት ይመታል። እርስዎን ፈሳሹ ሲያልቅ አይተን ወደ ቤት እንልክዎታለን።"

ተመስገን አልኩ። እማሆይ ግን መቁጠሪያቸውን መቁጠር አቆሙ። ልጃቸውን አዩት። ልጃቸው ግድግዳውን አየ።

"ዶክተር፣ ጥዋት ነው የበላው" አሉ። "ሦስት ሰዓት ላይ፣ ድስቱን ታቅፎ ከጓሮ። አይቸዋለሁ።"

"እምየ!" አለ ይሁኔ።

"ዝም በል! ከምቀብርህ ባፍርብህ ይሻለኛል።"

ለካ ጨዉን ልቅመስ ብሎ ጀምሮ ድስቱን አጋምሶት ኖሯል። ከዚያ አፉን አብሶ ቅዳሴ ሄደ፤ ሲመለስ ደግሞ ቀሪውን ዓይኑን በጨው አጥቦ እንደ ጾመኛ በላ። እሳቸው ልጃቸውን ላለማሳፈር ዝም አሉ፣ እሱ እናቱን ላለማሳዘን ዋሸ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ምራቁን የዋጠ ሰው!

"ስምንት ሰዓት ቆይቶ ነው የጀመረው ማለት ነው!" ብላ ዶክተሯ ብድግ አለች። ደም አስወሰደች። ወደ ቤት መሄድ ቀረ። አክቲቬትድ ቻርኮል የሚባል ጥቁር ዱቄት በውሃ አስበጥብጣ ስታጠጣው እማሆይ ጠጋ ብለው፣ "ይኸስ የጦም ነው?" አሏት።

"ከሰል ነው፣ እማሆይ።"

"እንግዲያ ይሁን።"

በማግሥቱ ተቅማጡ ቆመ። ይሁኔ ድኛለሁ፣ ልብሴን አምጡ አለ። "የሚያታልለው ይኼ ነው፤ ሆዱ ሲያርፍ ጉበቱ ይጀምራል" አለች ዶክተሯ። እውነቷን ነበር። ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚበዛው ኢንዛይም ከፍ አለ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ። መቀለድ አቆመ። ኮሪደር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ጅል ሰው ነው፤ ግን የኔ ጅል ነው። እንዳይሞትብኝ ፈራሁ።

ከዚያ ኢንዛይሙ ቀስ በቀስ መውረድ ጀመረ፤ ይሁኔም በመጀመሪያ ሾርባ፣ ቀጥሎ ገንፎ፣ በኋላም የጎረቤት ታማሚ ምሳ እየተመኘ፣ ነርሶቹን ስለ እንጉዳይ ጣዕም እያስተማረ፣ እኔን ደግሞ በንዴት እያቃጠለ ተሻለው።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ብትኖሩ፣ ነጭነቱንም ትል መብላቱንም መጣፈጡንም አትመኑ፤ ይሁኔ ዛሬም በጣም ይጣፍጥ ነበር ይላል። በደንብ የሚያውቅ ሰው በዓይኑ አይቶ ካላረጋገጠላችሁ እዚያው መስኩ ላይ ተዉት። ከበላችሁ ደግሞ ይሻለኛል ብላችሁ አትቀመጡ፤ የተረፈውን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ መጀመሪያ የጎረሳችሁበትን ሰዓት፣ አጠገባችሁ ማንም ይቁም ማን፣ በትክክል ተናገሩ።

ዶክተሯንና ነርሶቹን እግዜር ይስጥልኝ። ቤት ስንገባ ንስሐ አባታችን ጾሙን ስለሻረ ለይሁኔ ስግደት ሰጡት፤ ዶክተሯ ደግሞ ጉልበት የሚጠይቅ ነገር ሁሉ ከልክላው ነበር። እማሆይ ጉልበታቸውን እያመማቸው ይወድቁ ይነሡ ጀመር። ይሁኔ ፍራሹ ላይ እንደተኛ አላስችለው አለ።

"ተይ እምየ፣ ስድን የራሴን እሰግዳለሁ" አላቸው።

"ያንተንማ ትሰግዳለህ" አሉት። "ይኸ የኔ ነው። ስላተረፈልኝ ነው።"