የመደቡ ድንበር

ልጅ ሳለሁ የአያ ታከለን እግር የማጥበው እኔ ነበርኩ። አያ ታከለ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ምጽዋ ወርዶ በወደብ ዕቃ ሲያወርድ ኖሮ፣ ወገቡ ሲደክም ቁስቋም ሰፈር እኛ ቤት ገባ። ማታ ማታ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ አቀርብለትና ተረከዙን አሻለሁ፣ ቅቤ እቀባዋለሁ። አጣቢዋ እግሩ ሥር ትቀመጣለች፤ የማታውን ተረትም እሷን እያየ ያወራል። ያኔ ከዚህ የሚበልጥ ሹመት ያለ አይመስለኝም ነበር።

ኋላ እናቷ የሞተችባት የአክስቴ ልጅ ጥሩዬ ከትክል ድንጋይ ከተማ መጣች። መደቤን አካፈሉኝ፤ እሺ አልኩ። በሦስተኛው ማታ ግን አያ ታከለ፣ «ዛሬ ጥሩዬ ትጠበኝ፤ እጇ ሸጋ ነው» አለ። ቅናት ያዘኝ። ከፍሙ ማዶ ብቻዬን ተቀምጬ እንባዬን በጭሱ አሳበብኩ።

የዚያን ዕለት ያወራው ምጽዋ ስላየው፣ ስምንት ክንድ ስላለውና አጥንት ስለሌለው የባሕር እንስሳ ነበር። ብቻውን በድንጋይ ሽንቁር ይኖራል፣ ደጁን በጠጠር ይዘጋል፣ የሚጠጋውን አሸዋ ይረጭበታል አለ።

«ሽንቁር ባነሰበት ግን ጎን ለጎን ሲኖሩ አይቻለሁ። አንዱ ክንዱን ይሰድዳል፤ ሌላው ሲያሻው ይገፋዋል፣ ሲያሻው ዝም ይለዋል።»

«ምነው አያ፣ ቀድሞ የገባው ለምን አያባርረውም?» አልኩት።

ኩራዙን ወደ እኔ አዙሮ ፊቴን አየና፣ «እሱንስ እኔም አልጠየቅሁት» አለ። ጥሩዬ ሳቀች። በእኔ የሳቀች መሰለኝ።

ልንተኛ ስንል ከደጅ ድንጋይ ለቅሜ መደቡን ለሁለት ከፈልኩት፤ ሙቀት ያለው የግድግዳው ወገን ለእኔ፣ የበሩ ወገን ለእሷ። ጥሩዬ ጋቢዋን ተከናንባ ጠርዙ ላይ ተጋደመች።

ጧት ስነቃ ድንጋዮቹ እንደተደረደሩ ናቸው። እጇ ግን በላያቸው አልፎ እኔ ዘንድ መጥቷል። በብርድ ደንዝዟል፤ የአያ ታከለን እግር የቀባችበት ቅቤ ይሸታል። ሽታው እንደገና አስቀናኝ። ልገፋው አስቤ አልገፋሁትም፤ አልያዝኩትምም። ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ፤ ስትነቃ ቀስ አድርጋ ሰበሰበችው።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። ከእኔና ከጥሩዬ ማንን አብልጦ ይወድ እንደነበር አያ ታከለን አሁንም ልጠይቀው እፈልጋለሁ፤ ይህን ያህል ዘመን ኖሬም ጥያቄው አልተወኝም። ድንጋዮቹን በዚያው ጧት አንስቼ ነበር። ጥሩዬ እስክትዳር አንድ መደብ ላይ ተኛን፤ እጇ ግን ዳግመኛ ወደ እኔ አልመጣም።