ከሃሬ ወንዝ ማዶ

ረቡዕ ንጋት፣ አዲስ አበባ

አውቶቡስ ተራ የደረስነው ገና ሳይነጋ ነው። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መርካቶን ጭቃ አድርጎታል። የስድስት ዓመቱን ዮናስን በእጄ ይዤ፣ አራት ዓመት ያልሞላትን ሰናይትን አዝዬ፣ ሻንጣውን ኩሊ ተሸክሞልን ሰልፍ ያዝን። የቀበሌው የይለፍ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነው። በደርግ ጊዜ ያለ እሱ ኬላ ማለፍ የማይታሰብ ነበር።

የምንሄደው አርባ ምንጭ፣ ባለቤቴ ታደሰ ዘንድ ነው። ታደሰ የእርሻ ባለሙያ ነው፤ መንግሥት እዚያ ከመደበው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በመሃል አንዴ ብቻ ነው መጥቶ ያየን፤ ሰናይት አባቷን የምታውቀው በፎቶግራፍ ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ። የዓመት ፈቃዴን ያወጣሁት አገር ለማየት ብቻ አይደለም፤ ልጆቼን ይዤ እዚያ መኖር እችል እንደሆነ በዓይኔ አይቼ ልወስን ነው።

አብራን የምትኖረው እናቴ ሐሳቤን ከሰማች ወዲህ አኩርፋለች። የቆላ ወባ ልጆቹን ይጨርስብሻል ነው የምትለው። ያላየሁትን አገር አልፈራም ብያት ወጣሁ። ደጃፍ ድረስ ሸኘችን እንጂ ደህና ግቡ እንኳ አላለችም።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ከሞጆ እስከ ሶዶ

ከሞጆ ወደ ደቡብ ስንታጠፍ አገሩ ሜዳ ሆነ፤ ግራር፣ አቧራ፣ አህያ፣ የከሰል ጆንያ። ዝዋይ ላይ የተጠበሰ አሳ በጋዜጣ ጠቅልለው በመስኮት ይሸጣሉ። ዮናስ አንዱን ብቻውን ጨረሰ። ሰናይት ዓይን ያለው ምግብ አልበላም ብላ ዳቦዋን ያዘች። ሻሸመኔ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን፤ ወታደሩ ወረቀቴን አየት አድርጎ ልጆቹን ይዤ ወደ አውቶቡሱ እንድመለስ በእጁ አመለከተኝ።

ሶዶ ስንደርስ ጨለምለም ብሏል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሆቴሉ አንድ አልጋና አንድ ሻማ ሰጠን። ሦስታችንም ካፖርታችንን ሳናወልቅ ተኛን።

ሐሙስ፣ ወንዙ

ከሶዶ በኋላ መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ቁልቁል በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። ካፖርት ወለቀ፣ ሹራብ ወለቀ። ከዚያ አባያ ሐይቅ በግራችን ብቅ አለ፤ ሰፊ፣ ቀላ ያለ፣ ሻይ በወተት የመሰለ። ዮናስ ውሃው ለምን እንደቀላ ሹፌሩን ጠየቀው። ደጋው ታጥቦ የሚገባው እዚህ ስለሆነ ነው አለው ሹፌሩ። ብርብር ከተማ ላይ ሙሉ ዘለላ ሙዝ በሃምሳ ሳንቲም ገዛን።

ላንቴ የምትባለውን መንደር እንዳለፍን አውቶቡሱ ቆመ። የሃሬ ወንዝ ሞልቷል። ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ግንድ እያንከባለለ፣ ድንጋይ እያጋጨ ይወርዳል። ከዚያ ማዶ አርባ ምንጭ የግማሽ ሰዓት መንገድ ናት።

ማዶው ሰው በሰው ነው። መሃላቸው አንድ ረጅም ሰው ባርኔጣውን እያውለበለበ ወዲያ ወዲህ ይላል። ታደሰ ነው። ወንዙ መሙላቱን ሰምቶ በእርሻው የጭነት መኪና ሊቀበለን መጥቷል። ይጮኻል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል እንጂ አንድ ቃል አይሰማኝም።

የአካባቢው ገበሬዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ረጃጅም እንጨት እየተመረኮዙ ሰው ያሻግራሉ። የቸኮሉት ወንዶች ተሻገሩ። አንድ ጎረምሳ ልጆቹን በትከሻዬ ላሻግርልሽ አለኝ። ውሃውን አየሁት፤ የሚሻገረውን ሰው ደረት ይደርሳል። ልጆቼን ለዚህ ውሃ አልሰጥም አልኩና ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩ። ለታደሰም በእጄ አይሆንም አልኩት። ገብቶታል፤ ጫማውን አወለቀ።

መሃል ላይ ሲደርስ አንዴ አዳለጠውና እስከ አንገቱ ገባ። ገበሬዎቹ ግን እጁን አልለቀቁትም፤ ጎትተው አወጡት። ውሃ እያንጠባጠበ ፊታችን ሲቆም ዮናስ ሮጦ ተጠመጠመበት። ሰናይት ቀሚሴ ውስጥ ተሸጎጠች። ጎንበስ ብሎ እጁን ሲዘረጋላት ጮኸች።

"እማዬ፣ ሰውዬው ይሂድ።"

ታደሰ እጁን ሰበሰበ። ቀና ሲል ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

ሐሙስ አመሻሽ፣ ኦቾሎ

ቤቱ ወስዶ ያሳደረን አቶ አንጁሎ ነው፤ ታደሰን እጁን ይዘው ካሻገሩት አንዱ። እርሻው ታች ላንቴ፣ ቤቱ ግን ላይ ተራራው ጫፍ፣ ኦቾሎ ነው። ሲያርስ ይወርዳል፣ ሲያድር ይወጣል። እኛ አውቶቡሱ ውስጥ ልናድር ስንሰናዳ አይቶን ቀረበ።

"ልጅ ቆላ አያድርም" አለኝ በአጭር አማርኛው። "ቢምቢ አለ። ላይ ነፋስ ነው፣ ጤና ነው። ተነሺ እንሂድ።"

ዳገቱ ጉልበት ይፈትናል። ዮናስ ታደሰ ትከሻ ላይ ወጣ። ሰናይት ከእኔ ጀርባ ወደ አቶ አንጁሎ ጀርባ ያለ አንዳች ክርክር ተላለፈች፤ ባዕዱን ሰው አንገቱን አቅፋ ሄደች። ታደሰ ከኋላ ሆኖ ያያቸዋል።

የአቶ አንጁሎ ሚስት ማርታ ትባላለች። ቆጮ በጎመንና በዳጣ፣ በሚያቃጥል የቃሪያ ድቁስ፣ አቀረበችልን። ከራት በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ዘመረ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በጋሞኛ። የጸሎት ቤታቸውን መንግሥት ካሸገው ወዲህ ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ነው የሚዘምሩት። ልጆቹ በዜማው ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ዓርብ፣ ኦቾሎ

ማለዳ ስወጣ አገሩ ሁሉ ከእግሬ በታች ነው። አባያ ቀይ፣ ከወዲያ ጫሞ ሐይቅ ሰማያዊ፣ በመሃላቸው ጫካ የለበሰ ሸንተረር። ከሰፈሩ አጠገብ እንደ ግንብ የቆሙ ድንጋዮች አሉ፤ ላያቸው ላይ ሽኮኮዎች ፀሐይ ይሞቃሉ። ታደሰ ከልጆቹ ራቅ ብሎ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሰናይትን አያያትም። ለዮናስ እንደሚናገር ሆኖ የትኛዋ ሽኮኮ እናት፣ የትኛዋ ልጅ እንደሆነች ያወራል። ሰናይት ትንሽ ቀረበች። ደግሞ ትንሽ። ከዚያ ትንሿ ሽኮኮ ለምን ጭራ እንደሌላት ጠየቀች፤ ማንን እንደጠየቀች ግን አልታወቀም። ታደሰ ድንጋዩን እያየ መለሰላት።

ማርታ ልጆቹን ሸማ ሲሠራ ልታሳያቸው ወደ ጎረቤት ስትወስድ ሁለታችን ቀረን።

"ሥራውን ልልቀቅና ልምጣ" አለኝ ታደሰ። "ትላንት ሰናይት ስትጮህብኝ ለራሴ ያልኩት እሱን ነው።"

መልቀቂያ ማን ይቀበልሃል አልኩት። ደግሞም ሥራውን ይወደዋል፤ ስለ ጥጡና ስለ በቆሎው ሲያወራ አውቀዋለሁ።

"አንተ አትመጣም" አልኩት። "አገሩን ልይና፣ ልጆቼን የሚያኖር ከሆነ እኔ ነኝ የምመጣው።"

ከሰዓት ወረድን። ውሃው ቀንሶ ጉልበት ላይ ደርሷል፤ ሰው በእግሩ ይሻገራል። አቶ አንጁሎ ሱሪውን ሰብስቦ ሰናይትን ሊያዝላት ጎንበስ አለ። እሷ ግን ቆማ ሁለቱን ወንዶች በየተራ አየች፤ ከዚያ ወደ ታደሰ እጇን ዘረጋች።

"በዚህኛው" አለች።

ታደሰ አነሳት። ውሃው ውስጥ እንደዚያ ተጠንቅቆ የሄደ ሰው አላየሁም። ማዶ ከደረስንም በኋላ አላወረዳትም።

ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ፣ አርባ ምንጭ

ታችኛው ከተማ ሲቀላ ይባላል፤ ገበያው ሙዝ፣ ማንጎ፣ አሳ፣ ከደጋ የወረደ ገብስና ዱንጉዛ የሚሉት ባለቀለም ሸማ ነው። ሙቀቱ ከእኩለ ቀን በኋላ ከሰው ጋር ይጣላል። ምንጮቹ ጋ ልጆቹ ከንፈራቸው እስኪጠቁር ዋኙ። ጫሞ ላይ በጀልባ ወጥተን አዞ አየን፤ ዮናስ ለሁለት ቀን ስለ ሌላ ነገር አላወራም።

እኔ የራሴን ዙር ዞርኩ። ጤና ጣቢያ ገብቼ ነርሷን ስለ ወባ ጠየቅኋት። አልደበቀችኝም፤ ልጆች ይታመማሉ አለችኝ። አጎበር እንዳይለያቸው፣ ትኩሳት ካየሁ በዚያው ቀን ይዣቸው እንድመጣ ነገረችኝ። ትምህርት ቤቱን አየሁ። ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ፣ ነፋስ የሚገባበት ሁለት ክፍል ቤት አየሁ። ማክሰኞ ማታ ዝውውር እንደምጠይቅ ለታደሰ ነገርኩት። ብዙ አላወራም፤ በማግስቱ ግን የቤቱን መስኮት ወንፊት ለመምታት መዶሻ ይዞ ሲሄድ አየሁት።

ሐሙስ ጠዋት አውቶቡሱ ሲነሳ ሰናይት አለቀሰች፤ በዚህ ጊዜ ግን አባዬ ይምጣ እያለች።

ዓርብ ማምሻ፣ አዲስ አበባ

መመለሻውን ሁሉ ለእናቴ የምነግራትን ቃል ስመርጥ መጣሁ። ነገ እነግራታለሁ፣ ደክሞኛል እላለሁ፣ ቀስ ብዬ ከዝውውሩ እጀምራለሁ። ደጃፍ ላይ ቆማ አገኘናት። ልጆቹን አገላብጣ አየች፤ ግንባራቸውን ዳሰሰች፤ ትኩሳት የለም። ከዚያ ሰናይትን አቅፋ የት ነበርሽ አለቻት።

"አባዬ ቤት" አለች ሰናይት። "እቃችንን ልንወስድ ነው የመጣነው።"

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። የመረጥኩት ቃል ሁሉ ጠፋብኝ።

"እውነቷን ነው፣ እማዬ" አልኳት።

ሰናይትን ከእቅፏ ሳታወርድ ወደ ውስጥ ገባችና ዙሪያውን ቤቱን፣ አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን አየች። ይቆጣል ያልኩት ፊቷ ቀስ እያለ ላላ።

"በረሃ ከሆነ የምትሄዱት" አለች በመጨረሻ፣ "ወፍራሙን ብርድ ልብስ ለእኔ ተዪልኝ።"